የማይጠጣ ሴራሚክ

ነጋዴ ወሬውን ከትርፉ ይጀምራል፤ እኔ ከኪሳራው ልጀምር። ፖርስሊን መሸጥ ያስከፈለኝ ይኼን ነው፦ ሠላሳ ሁለት ካሬ ወለል፣ ሲቀላ አስፋልት ዳር የነበረ አንድ ሱቅ፣ የግራ ጉልበቴን፣ እና ስድስት ዓመት ሙሉ ያላናገረኝ አንድ ሰው። ወለሉን ተክቻለሁ። ሱቁን ሸጬዋለሁ። ጉልበቴን ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» ብሎ አልፎታል። ለሰውየው ግን ዋጋ አልወጣለትም፤ ስለዚህ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ሸምሱ እባላለሁ። ትውልዴ ስልጤ ነው። አርባ ምንጭ የገባሁት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ካልሲና ማበጠሪያ በካርቶን አንግቼ ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን የጨረስኩት መንገድ ላይ ነው። መንገድ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ችግሩ ደጋሚ አለመቀበሉ ነው። በታችኛው ከተማ፣ በሲቀላ ገበያ ዙሪያ ሁለት ዓመት ከዞርኩ በኋላ ሀጂ ኑሪ የሚባሉ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ «አንተ፣ ካልሲህ ያልቃል፤ አፍህ ግን አያልቅም» ብለው ሱቃቸው ውስጥ ቀጠሩኝ። ስለ ደመወዜ ብዙ አልልም፤ ሀጂ ራሳቸው ሲከፍሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ግን አንድ ነገር አስተምረውኛል። «ዕቃውን አትሽጥ» ይሉኝ ነበር። «ሰውየው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ የሚያየውን ሽጥለት።»

ያኔ ሰው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ የሚያየው ሊሾ ነበር። የሲሚንቶ ወለል ተለስልሶ፣ ቀይ ሰም ተቀብቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጨርቅ የሚታሽ። ትንሽ ከፍ ያለው ፒቪሲ ያስለጥፍ ነበር፤ እሱም በአርባ ምንጭ ሙቀት ጫፍ ጫፉን እንደ ደረቀ ሙዝ ልጣጭ ይጠቀለል ነበር። ሴራሚክ የባንክ ቤትና የሆቴል ነገር ነበር። እንደ ሰው ቤት ዕቃ መታየት የጀመረው እኔ ሀጂ ዘንድ ሦስተኛ ዓመቴን ስይዝ ነው፤ ጋሽ አንጁሎን ያየሁትም የዚያን ጊዜ ነው።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ኮፍያ የሚያደርግ ሰው ነበር። ለአንድ ደንበኛው ሴራሚክ ሊገዛ መጥቶ ካርቶን አስከፈተኝ። ሁለት ሴራሚክ አወጣና ፊት ለፊት ገጥሞ ወደ ብርሃን አነሣቸው፤ በመሀላቸው ብርሃን ያሾልኩ እንደሆነ እያየ። ሌላ ካርቶን አስከፈተ። አሁንም ሌላ። ዐሥራ አንደኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ሚስት እየመረጥክ ነው እንዴ?»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ሚስት ብትጣመም ሽማግሌ ይመክራታል» አለ። «ይቺን ማን ይመክራታል?»

ሀጂ ከውስጥ ሆነው ሳቁ። ካርቶኖቹን መልሼ ያሸግኩት እኔ ነኝ፤ ግን ሲወጣ ዓይኔ ተከተለው።

ጋሽ አንጁሎ ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር፣ ከሸማኔ ቤት የተወለደ ጋሞ ነው። ሸማው አላበላ ሲለው ወደ ቆላ ወርዶ ግንበኛ ሆነ። ሸማኔነቱ ግን አልለቀቀውም። ሌላው ሠራተኛ መስመር የሚይዝበት ሲባጎ ሲወጥር፣ እሱ ከኪሱ የጥጥ ድር ያወጣ ነበር፤ ቀጭን፣ የተፈተለ፣ ካልነገሩህ የማታየው። ከበር እስከ ግድግዳ የሚወጠረውን «ድር» ይለዋል፤ አግድሙን «ማግ»። «ድር ሳትዘረጋ ማግ የምትወረውር ሸማኔ አይተሃል?» እያለ የቸኮለ ባለቤት ያሳርፋል። አማርኛው ወደ ጋሞኛ ያዘነብላል፤ ሴቱን ወንድ፣ ግዑዙን ሴት ያደርገዋል። ሴራሚክ ሁልጊዜ «እሷ» ናት። የእኔም አማርኛ ቢሆን ከአውቶቡስ ተራ የተለቀመ ስለሆነ እርስ በርስ አንተራረምም ነበር።

በሚሌኒየሙ ዋዜማ የራሴን ሱቅ ስከፍት የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን ማግባባት ነበር። እኔ እሸጣለሁ፣ እሱ ያነጥፋል። በከተማው «ሸምሱ ይሽጥልህ፣ አንጁሎ ያንጥፍልህ» የሚባል ምርቃት የሚመስል ነገር ወጣ። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ዓይነት ማስታወቂያ ገንዘብ ከፍዬ አላገኘሁም።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ አሁን እንደዚያ የሚሠራ የለም። አዲስ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ሲሚንቶ አይጠይቅም። «እንግዳ የት ይቀመጣል?» ይላል። ባለቤቱ ግራ ይገባዋል፤ ቤቱ ገና በር የለውም። «ሶፋው… እዚያ ጋ ይሆናል።» ጋሽ አንጁሎ በርጩማ ይዞ እዚያ ሄዶ ይቀመጣል። እግሩን አጣምሮ እንደ እንግዳ። ወለሉን ያያል፣ በሩን ያያል፣ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ተነሥቶ፣ የእንግዳው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በጠመኔ ነጥብ ያደርጋል። ሙሉዋ ሴራሚክ ከዚያ ትጀምራለች። ቁራጩ ሁሉ ከቡፌ ሥርና ከበር ኋላ ይገባል። «ቁራጭ በየቤቱ አለ» ይላል፤ «እንግዳ ፊት አታቀርበውም እንጂ።»

ከዚያ ያለ ሲሚንቶ፣ በደረቁ፣ አንድ መስመር ደርድሮ ያያል። ማታውኑ የሚነጠፈውን ሁሉ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ይዘፈዝፋል። ሴራሚክ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፊሽ ይላል፤ አረፋ ይደፍቃል። ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። «ጠምቷታል» ይለኛል፣ እንግዳ ውሃ ያጠጣ ሰው ደስ እንደሚለው ደስ ብሎት። «የጠጣች ትይዛለች። ሳትጠጣ ከሄደች ከሲሚንቶው ላይ ውሃውን ትሰርቅና ሁለቱም ይደርቃሉ።» አንጥፎ በማግስቱ፣ በመዶሻው እጀታ አንድ በአንድ ያንኳኳል። የያዘችው «ጥብ» ትላለች። አየር ያለባት «ኳ» ትላለች፤ እሷን ፈንቅሎ ያወጣል፣ ባለቤቱ ቢለምነውም። ሲጨርስ ከግቢው የማንጎ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሩ ላይ ያጋድማል። ያ ቅርንጫፍ እስኪደርቅ ማንም አይረግጣትም። ባለቤት በመስኮት የገባበት ቤት አውቃለሁ።

አብረን በሠራንባቸው ዓመታት አንድም ወለል «ና ተመልሰህ እየው» ተብሎ አያውቅም። ፈቃዱም፣ ዲፕሎማውም፣ ንብረቱም ይኼ ነበር። ሌላ ነገር አልነበረውም።

ፖርስሊን መጣ። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ሲቀላ ይደርሳል፤ ከሲቀላ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ ያለውን ዳገት ግን ያኔ በርካሽ የሚያወጣልኝ ከጫሞ ሐይቅ አሳ የሚያመላልስ ፒካፕ ነበር። ስለዚህ ሴቻ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ መስታወት መሳይ ሳሎኖች ሳምንት ያህል ቆሮሶ ቆሮሶ ይሸቱ ነበር። ማንም አልተቆጣም፤ ሰው ፊቱን ወለል ላይ ካየ አፍንጫውን ይረሳል።

ማሻሻጫዬ አንዲት ቃል ነበረች፦ «አይጠጣም።» ውሃ አይጠጣም፣ ሻይ አይጠጣም፣ ወጥ አይጠጣም። የሲቀላ ሰው መቼም አያልፍህም፤ «ሸምሱ ሴራሚኩን አሰለመው» አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ አብሬ ሸጥሁ። ሲገዙኝ አንዳንድ እውነትም እነግራቸው ነበር። የካርቶኑ ቁጥር አንድ ዓይነት ካልሆነ አትውሰድ፤ ሱቅ ውስጥ በመብራት አንድ ይመስልና ቤትህ በፀሐይ ሲታይ አንዱ ወተት ሌላው አጓት ይሆናል። ፊቱ ላይ ያለው ጭጋግ ቆሻሻ ሳይሆን የፋብሪካ ሰም ነው፤ በአሸዋ አትፈትገው። ለመታጠቢያ ቤትና ለበረንዳ አትውሰድ፤ ሲረጥብ ሳሙና ነው። ይኼን የመጨረሻውን የምለው ከደግነት እንዳይመስላችሁ፤ የወደቀ ደንበኛ ሁለተኛ አይገዛም።

አንድ የላንቴ ሙዝ ነጋዴ የከተማውን አንጸባራቂ ሁሉ መርጦ አስነጠፈና፣ እንዳይጫርበት ብሎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ዘረጋበት። ወለሉን ያየው የተነጠፈ ቀን ብቻ ነው። «ታዲያ ለምን ገዛኸው?» ብለው፣ «ከሥር እንዳለ አውቃለሁ» አለኝ። ዛሬ ያን ሰው ሳስበው አልስቅም።

ጋሽ አንጁሎ የመጀመሪያዋን ፖርስሊን በርሜል ውስጥ ሲከታት አጠገቡ ነበርኩ። ጎንበስ አለ። ምንም የለም። ፊሽ የለም፣ አረፋ የለም። ጠበቀ። አወጣት፣ ጀርባዋን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገ፣ መልሶ ከተታት።

«ይቺ ጠምቷት አያውቅም» አለኝ።

«እሱ እኮ ነው ጥሩነቷ።»

«ያልጠማው አይለምንህም። ያልለመነህ አይይዝህም። በምን ልትይዝ ነው?»

በማጣበቂያ ነዋ። ለፖርስሊን የተሠራ፣ በከረጢት የሚመጣ፣ ሲሚንቶ መሳይ ዱቄት አለ። አንድ ሁለት ቤት በእሱ ሠራን፤ ጋሽ አንጁሎ በጥርሳሙ መቀቢያ ሲቀባ እንደ ሸማ ጥለት አሳምሮ ነው። በማግስቱ አንኳኳ፤ ጥብ አለች። ገረመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖርስሊን ወደዳት፤ እንደ ወደዳት የሚያውቀው ግን እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እሱም ያውቅ ነበር። ይኼን ነገር ያዙልኝ አልልም፤ በቦታው ይመጣል።

ቲቸር ጥሩወርቅ ከጎጃም መጥተው ሴቻ ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የከተማው ግማሽ በእሳቸው ማስመሪያ ተመትቷል፤ ሌላው ግማሽ ሊመታ ሲል ደወል ተደውሎለታል። ያላቸውን ሁሉ አጠራቅመው ሳሎናቸውን አሰፉ፤ ልጃቸው በጥር ልትዳር ነው። ሱቄ መጥተው ነጩን ፖርስሊን መረጡ።

«ሸምሱ፣ መጋጠሚያው እንዳይታየኝ። አንድ ወጥ መስታወት ነው የምፈልገው።»

ጋሽ አንጁሎ ጣልቃ ገባ። «ቲቸር፣ መተንፈሻ እንስጣት። ሲሞቅ ትሰፋለች።»

«ሳሎኔ ምጣድ ነው?»

«አርባ ምንጭ ነው» አለ ጋሽ አንጁሎ።

እኔ ወደ ቲቸር አደላሁ። ደንበኛ ናቸዋ። የመጋጠሚያው ክፍተት ወደ ፀጉር ስፋት ጠበበ።

ይኼ የመጀመሪያው ጥፋት ነው፤ ሁለተኛው ይብሳል። ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ማጣበቂያ የጫነው መኪና ሶዶ ላይ ተሰብሮ መቆሙን ከዚያ የመጣ ሾፌር ነገረኝ። ሳምንት ይፈጃል አለ። ለጋሽ አንጁሎ ነገርኩት።

«እንጠብቃለና።»

«ሠርጉስ ይጠብቃል?»

«ሙሽራ አፈር ላይ ቆሞም ይዳራል። ወለል አየር ላይ አይቆምም።»

«በሲሚንቶ እንምታውና…»

«አትጠጣም አልኩህ።»

ቲቸር ሁለት ጊዜ መጥተው ሄደዋል። ሁለተኛው ላይ ከሌላ ሱቅ፣ ከሌላ አንጣፊ ጋር እንደሚነጋገሩ በማስመሪያ ድምፃቸው ነገሩኝ። ሠላሳ ሁለት ካሬ ብቻ አይደለም፤ የቲቸር ሳሎን የሴቻ ባለሥልጣንና መምህር ሁሉ የሚያየው ሳሎን ነው። ተነሣሁ፣ ከሱቁ ጀርባ ሄድኩ፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። ቁጥር እንኳ አልነካሁም። ግድግዳውን «እሺ… እሺ… እርግጠኛ ነህ?» አልኩት። ተመለስኩ።

«አዲስ አበባ አስመጪውን ጠየቅሁት። ሲሚንቶው በርከት ካለና ጀርባዋ በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ ከተቀባ ይይዛል አለኝ።»

ጋሽ አንጁሎ ፊቴን አየ።

«አለ?»

«አለ።»

«ራሱ አለ?»

«ራሱ።»

ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ድሩን ከኪሱ አወጣ። ሄዶ አነጠፈው።

ምን ዓይነት ወለል እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑም። በሠርጉ ዕለት የሙሽራዋ ቬሎ ከላይም ከታችም ይታይ ነበር። የሴቻ ሰው ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ገባ፤ ማንም ሳይጠይቀው። ጋሽ አንጁሎ ጥግ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ እሱ ወለሉን ያይ ነበር። በማግስቱ አንኳኩቶት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም።

በመጋቢት፣ ከተማው እንደ ምድጃ በነደደበት ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። ቲቸር ናቸው።

«ሸምሱ፣ ና።»

«ምነው ቲቸር፣ በደኅና?»

«ክፍል ስገባ ተማሪ ይነሣልኝ ነበር። ወለል ሲነሣልኝ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

ባጃጅ ይዤ ስደርስ ቲቸር በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የተኩስ ድምፅ መስሏቸው ከጎረቤት ሰው ተሰብስቧል። ሳሎኑ መሀል ሁለት ረድፍ ፖርስሊን ተገፋፍቶ እንደ ጎጆ ጣሪያ ቆሟል። መተንፈሻ አጥቶ፣ ከሥር የሚይዘው አጥቶ፣ ያለው ምርጫ መነሣት ብቻ ነው። ጋሽ አንጁሎ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ተንበርክኳል። አንዷን አነሣ፣ ገለበጣት፣ እጄ ላይ አስቀመጣት። ጀርባዋ ከካርቶን እንደ ወጣች ንጹሕ ነው። ከሥር ያለው ሲሚንቶ ላይ የጀርባዋ ቅርጽ ሁሉ፣ መስመሩ ሳይቀር፣ እንደ ማኅተም ታትሟል። ተቀባበሉ እንጂ አልተያያዙም።

«አልጠጣችም» አለ።

ቲቸር ፍርድ ቤት አልሄዱም። በግቢያቸው ማንጎ ሥር ሦስት የጋሞ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ነጭተው በእጃቸው ያዙ፤ ሣር ሲያዝ ቁጣም ውሸትም አይነሣም። «በዚህ ቤት ወለል ሥር የተደበቀ ነገር ካለ ይውጣ» አሉ። «የተደበቀ ጎሜ ነው።» ጎሜ የሚሉት፣ ነውር ተሠርቶ ሳይነገር ሲቀር ሠሪው ላይና በቤቱ ላይ ተጭኖ የሚኖረውን ነው። በካሣ አይወጣም። የሚወጣው በአፍ ነው።

ጋሽ አንጁሎ ወዲያው አልተነሣም። መጀመሪያ እኔን አየኝ። ሰው ሊናገርበት የሚችለውን ያህል ጊዜ ሰጠኝ። እኔ ሣሩን አየሁ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ ሣር እንደዚያ አተኩሬ አይቼ አላውቅም።

ተነሣ። «ያነጠፈው እጄ ነው» አለ። «እንደማትይዝ እያወቅሁ አነጠፍኩ። ጥፋቱ የእጄ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ሸምሱ፣ አንተስ የምትለው አለህ?»

ተነሣሁ፤ ነጋዴው ተነሣ። «እኔ ለቲቸር ስል» አልኩ፣ «ፖርስሊኑን ሙሉውን በነጻ እተካለሁ።»

መረቁኝ። «ይባርክህ፣ እንዲህ ነው ነጋዴ» አሉ። በዘመኔ ያን ቀን ያህል ርካሽ ነገር በውድ ሸጬ አላውቅም።

ማጣበቂያው መጣ። ጋሽ አንጁሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ያለ ክፍያ፣ አሮጌውን ፈንቅሎ አዲሱን አነጠፈ፤ መተንፈሻውን እሱ በፈለገው ልክ ሰጣት፣ ቲቸርም አልተከራከሩም። እኔ በየቀኑ እሄድ ነበር። በየቀኑ ያለሁበትን ቦታ እንደ ግድግዳ ያልፈው ነበር። ሲጨርስ የማንጎ ቅርንጫፉን አጋደመ፣ ሱቄ መጣ፣ አብረን ስንጀምር የሰጠሁትን የጎማ መዶሻ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ከተማ ስም ለማውጣት አይደክምም። «አንጁሎ ተነሽ» አሉት። የሚያሠራው ሰው ሲጠፋ ዓመት አልፈጀም። ስንቱን ቤት ያነጠፈ ሰው ሥራው ነጠፈበት። ወደ ጨንቻ፣ ወደ ሸማው ተመለሰ። የእኔ ሱቅ ግን ሰፋ። «በነጻ የሚተካው ነጋዴ» ነኝ። አጎራባቹን ክፍል ጨመርኩ፣ ሆቴሎች አዘዙኝ፣ ሌሎች አንጣፊዎች ያዝኩ። ፈጣኖች ናቸው። የፕላስቲክ ክሊፕ፣ የብርሃን መስመር የሚዘረጋ መሣሪያ፣ ምን የሌላቸው አለ? አንዴ አዲስ ቤት ገብቼ ሳላስበው «እንግዳ የት ይቀመጣል?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ግራይንደሩን አጥፍቶ፣ «ሸምሱዬ፣ ዛሬ እንግዳ በስልክ ነው የሚመጣው» አለኝና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በርጩማ ፈልጌ ሶፋው ሊሆን በሚችልበት ቦታ ተቀመጥሁ። ነጥቡን ማየት አልቻልኩም። እሱ ምን እንደሚያይ ለስንት ዓመት አጠገቡ ቆሜ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር። የተጨረሱ ቤቶች ስገባም ጣቴ ሳላዘው ወለሉን ያንኳኳ ጀመር። ባለቤቶቹ ዕቃ የጠፋብኝ ይመስላቸዋል።

ስድስት ዓመት ቆይቼ አንድ ሰኞ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጨንቻ ወጣሁ። ብርዱ የቆላ ሰው አይወድም። ጋሽ አንጁሎን ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘሁት፤ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ይሸምናል።

«ሳሮ፣ ጋሽ አንጁሎ።»

«ሳሮ» አለ። መወርወሪያውን አላቆመም። የስድስት ዓመት የመጀመሪያ ቃሉ ሰላምታ መሆኗ እንደ ምርቃት ተሰማኝ።

ቆሜ ተናገርኩ። «ያን ቀን አልደወልኩም። አስመጪውን አልጠየቅሁም። ዋሽቼህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ያን ቀን ከተማው በሙሉ ኔትወርክ አልነበረም። ለልጄ ልደውል ብዬ ስሞክር ነበር የዋልኩት።» ማጉን አስገባ፣ መታው። «አንተ ግን አገኘኸው።»

የምቀመጥበት ድንጋይ ፈለግሁ። «ታዲያ እያወቅህ ለምን አነጠፍከው?»

ያኔ እጁ ቆመ። «ቲቸር ሌላ አንጣፊ ሊጠራ ነበር። ያቺን ሳሎን፣ ያቺን ፖርስሊን፣ ሌላ ሰው ሊያነጥፋት። ቀናሁ፣ ሸምሱ። ስትዋሸኝ ደስ አለኝ። ልሰማው የፈለግሁትን ነው የዋሸኸኝ። ስለዚህ ‹እጄ ነው› ስል ለሽማግሌ አልዋሸሁም።»

«እና ስድስት ዓመት የዘጋኸኝ…»

«ስለ ሲሚንቶው አይደለም። ሣር ይዘው ሲጠይቁ እኔ የኔን አወጣሁ። ያንተን ላንተ ተውኩልህ። አንተ ምን አደረግህ? ፖርስሊን አለበስከው።»

ይቅር በለኝ አልኩት። «ብያለሁ፣ ድሮ ነው ያልኩት» አለ። «ግን እዚህ ምን ትሠራለህ? ስሜ የወደቀው ጨንቻ ነው እንዴ?»

በሳምንቱ እዚያው ቲቸር ግቢ፣ እዚያው ማንጎ ሥር ቆምኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አርፈዋል፤ ሁለቱ ነበሩ። ሣሩን እኔ ለምኜ አስያዝኳቸው። ግድግዳውን ስልክ ብዬ እንዳናገርኩት፣ መተንፈሻውንም እንደ ከለከልኩ፣ ሰው ያስወደደኝ ምርቃት የማን እንደነበር፣ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ቲቸር መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«አርፍደሃል፣ ሸምሱ።»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ያረፈደ ተማሪ ምክንያቱን ተናግሮ ነው የሚገባው።»

«ምክንያት የለኝም።»

«እሺ። ቁጭ በል።»

ወሬው በባጃጅ ሲቀላ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሰው ዋጋ ሲጠይቀኝ ስነግረው፣ «ደውለህ ጠይቀሃል?» ይለኝ ጀመር። ሱቁ ፊት የቆመ ሁሉ ይስቃል። ቀልዱ የእኔ ቢሆን ኖሮ እሸጠው ነበር። ሁለት ሆቴሎች ትዕዛዛቸውን አነሡ። ሦስት ዓመት አንክሼ ቆየሁና አምና ሱቁን ለአንድ የስልክ ነጋዴ ሸጥኩ።

«አንጁሎ ተነሽ» ማለት ግን ቀረ። ሁለት ባለቤቶች አፈላልገው እስከ ጨንቻ ድረስ ሄደው ጠርተውታል፤ ሥራውን አልተቀበለም። ለእርቃችን ግን ወረደ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ከአንድ ሳሕን በላን። ያን ቀን ቲቸር ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ለመንኩት።

«ጋሽ አንጁሎ፣ አንድ ወለል ብቻ። የእኔን ቤት። ትንሽ ኮሪደር እንኳ።»

«ዓይኔ ድሯን አያያትም» አለ። «የሸማው ድር ቅርብ ናት፤ በጣቴ አያታለሁ። የወለል ድር ሩቅ ናት።»

«እኔ እይዝልሃለሁ። አንተ ንገረኝ ብቻ።»

ሳቀ። የሳቁን ድምፅ ረስቼው ነበር። «አንተ ድር ይዘህ? መሀል ላይ ትሸጣታለህ።»

በስምንት ሰዓቱ ሚኒባስ ተመለሰ። በመስቀል እደውልለታለሁ፤ በአረፋ ይደውልልኛል። ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት እንነጋገራለን። ከእርቁ በኋላ አብረን ያነጠፍነው ወለል የለም።